ኪያይ ሐጂ አህመድ ዳህላን፦ ጥቁር ሰሌዳን ወደ መድረሳ ያስገቡ ዓሊም

ኪያይ ሐጂ አህመድ ዳህላን እ.ኤ.አ. በ1868 በጃቫ ደሴት፣ በዮግያካርታ ከተማ፣ ካውማን በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የልጅነት ስማቸው ሙሐመድ ዳርዊስ ነበር። «ኪያይ» በጃቫ ለታላላቅ የእስልምና ሊቃውንት የሚሰጥ መጠሪያ ሲሆን፣ በእኛ አገር «ሼህ» ከሚለው አጠራር ጋር ይቀራረባል። አባታቸው ኪያይ ሐጂ አቡ በከር በሱልጣኑ ታላቅ መስጂድ የጁምዓ ኹጥባ ከሚያደርጉት ኸጢቦች አንዱ ነበሩ፤ እናታቸውም ከሃይማኖት ዳኞች ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። ከሰባት ልጆች አራተኛው ዳርዊስ፣ አንድ ታናሽ ወንድም ሲኖራቸው ሌሎቹ ሁሉ እህቶች ነበሩ።

ካውማን በታላቁ መስጂድ ዙሪያ የሰፈረ፣ ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉት ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው የመስጂዱ አገልጋዮችና ባቲክ የተሰኘውን በሰም እየተነቀሰ የሚቀለም ጨርቅ የሚያመርቱና የሚነግዱ ሰዎች ነበሩ። አገሪቱ በኔዘርላንድ ቅኝ አገዛዝ ሥር ብትሆንም ሱልጣኑ በቤተ መንግሥቱ ነበረ፤ የመስጂዱ ሹማምንትም ደመወዛቸውንና ማዕረጋቸውን የሚያገኙት ከእርሱ ነበር። በዚህ ሰፈር የተወለደ ልጅ የት እንደሚማር፣ ማንን እንደሚያገባና ምን ዓይነት ሥራ እንደሚይዝ አስቀድሞ የታወቀ ያህል ነበር።

ሙሐመድ ዳርዊስ የኔዘርላንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ቁርኣንን ከአባታቸው ተማሩ፤ ከዚያም ፊቅህን፣ የአረብኛ ሰዋስውንና ሌሎች የዒልም ዘርፎችን በዘመኑ ከነበሩ ሊቃውንት ቀሩ። ትምህርቱ የሚሰጥበት ሥርዓት ለወሎ ወይም ለጅማ ሐሪማ ደረሳ እንግዳ አይሆንበትም። ደረሶች በመምህሩ ዙሪያ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ መምህሩ የአረብኛውን ኪታብ እያነበበ በጃቫ ቋንቋ ይፈታል፤ ተማሪው ትርጉሙን በመስመሮቹ መካከል ይጽፋል። ክፍል፣ ፈተናም ሆነ የተወሰነ የመመረቂያ ጊዜ አልነበረም። ይህ ሥርዓት ጥልቅ ዓሊሞችን ማፍራቱ አይካድም፤ ዳህላን ራሳቸው የእርሱ ፍሬ ናቸው።

በ1883 ገና በ15 ዓመታቸው ለሐጅ ወደ መካ ተጓዙ፤ በዚያም ለአምስት ዓመታት ያህል ቆይተው ተማሩ። በመካ ቆይታቸው በግብፅና በሶርያ የነበሩ የተሐድሶ አስተማሪዎች ሐሳብ ደረሳቸው። እነዚህ አስተማሪዎች የሙስሊሙ ዓለም ድክመት ምንጩ ቁርኣንና ሐዲስን በማስተዋል ከመመርመር ይልቅ የቀደመውን ልማድ ሳይጠይቁ መከተል ነው ይሉ ነበር። በ1888 ሲመለሱ ሐጃጆች በተለምዶ እንደሚያደርጉት አዲስ ስም ይዘው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ አህመድ ዳህላን ተባሉ። በቀጣዩ ዓመት የአጎታቸውን ልጅ ሲቲ ዋሊዳህን አገቡ። አባታቸው በ1896 ሲያርፉም የኸጢብነቱን ሥራ ወረሱ። ከመስጂዱ የሚያገኙት ደመወዝ ለኑሮ የሚበቃ አልነበረምና ባቲክ እየነገዱ በጃቫ ከተሞች ተዘዋወሩ፤ በየደረሱበትም ከየአካባቢው ዓሊሞች ጋር ይወያዩ ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የመጣው ከቂብላ ጉዳይ ነው። በ1773 የተሠራው ታላቁ መስጂድ የሚያመለክተው በቀጥታ ወደ ምዕራብ ነበር። የሥነ ፈለክ ስሌት ለሚያውቅ ሰው ግን ከዮግያካርታ መካ የምትገኘው ከምዕራብ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ነው። ዳህላን በመካ የተማሩትን ስሌት ይዘው የከተማዋን ሊቃውንት ለውይይት ሰበሰቡ፤ ሌሊቱን ሙሉ ተከራከሩ፤ ስምምነት ግን አልተገኘም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመስጂዱ ወለል ላይ ትክክለኛውን አቅጣጫ የሚያሳዩ የሰፍ መስመሮች ተሠምረው ተገኙ። ይህን ያደረጉት በሌሊት የገቡ ወጣቶች ነበሩ። የሃይማኖት ዳኞች አለቃ የሆኑት ፔንጉሉ ተቆጥተው መስመሮቹ እንዲጠፉ አደረጉ።

ዳህላን በታላቁ መስጂድ ያልተፈቀደላቸውን በራሳቸው ግቢ ለማድረግ አሰቡ። ከቤታቸው አጠገብ የነበረውን አነስተኛ መስጊድ፣ ደረሶቻቸውን የሚያስቀሩበትን ማለት ነው፣ ወደ ትክክለኛው ቂብላ አዙረው አሠሩት። ፔንጉሉ እንዲፈርስ አዘዙ፤ ዳህላን እምቢ አሉ፤ በረመዳን አንድ ሌሊት የተላኩ ሰዎች መጥተው አፈረሱት። በማግስቱ ዳህላን ከባለቤታቸው ጋር ጓዛቸውን ይዘው ከተማዋን ጥለው ለመሄድ ወደ ባቡር ጣቢያ አመሩ። ዘመዶቻቸው ተከትለው ደርሰው መስጊዱን መልሰው እንደሚሠሩላቸው ቃል ገብተው ለመኗቸው፤ እሳቸውም ተመለሱ። በሱልጣኑ መስጂድ በኸጢብነታቸው ቀጠሉ፤ በዚያ ሲሰግዱም እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ምዕራብ በሚያመለክተው መስጂድ ውስጥ ነበር። አንዳንዶች ይህን እንደ መሸነፍ ቆጥረውት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ሁሉ ሲታይ ግን፣ የተማሩት ነገር መሥመር በመሥመር ከመሟገት ይልቅ ትውልድን ማስተማር እንደሚበጅ ይመስላል።

በ1903 ልጃቸውን ይዘው ዳግመኛ ወደ መካ ሄዱ። በዚህ ጉዟቸው ከቀሩባቸው ዓሊሞች አንዱ የሱማትራ ተወላጁ ሼህ አህመድ ኸጢብ አል-ሚነንካባዊ ነበሩ። ከእኚሁ ሼህ የቀሩት ሌላው ጃቫዊ ሐሺም አሽዓሪ ኋላ በ1926 የነህደቱል ዑለማ ማኅበር መሥራች ሆነዋል። ሁለቱ ታላላቅ የኢንዶኔዥያ ሙስሊም ማኅበራት፣ አንዱ የተሐድሶ ሌላው የነባሩ ትምህርት ጠባቂ፣ መሥራቾቻቸው ከአንድ መምህር እግር ሥር የተቀመጡ መሆናቸው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው።

ዳህላን ከመካ ሲመለሱ የጃቫ ልጆች በሁለት ፈጽሞ በማይገናኙ መንገዶች ይማሩ ነበር። ቅኝ ገዢው መንግሥት በከፈታቸው ትምህርት ቤቶች የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና የኔዘርላንድ ቋንቋ ይማራሉ፤ ሃይማኖት ግን ከትምህርቱ ውጭ ነው። በገጠር ባሉት የሃይማኖት ማዕከላት ደግሞ ደረሶች ፊቅህና ነህው ይቀራሉ፤ ካርታ ማንበብም ሆነ በላቲን ፊደል መጻፍ ግን አያውቁም። የመጀመሪያዎቹ የመንግሥት ሥራ ሲያገኙ ስለ እምነታቸው የሚያውቁት ጥቂት ነው፤ ሁለተኞቹ እምነታቸውን ቢያውቁም ከመንግሥት ቢሮ የመጣ አንድ ደብዳቤ ለማንበብ የሌላ ሰው እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። በዚያ ላይ በ1905 የወጣ ደንብ በጃቫ ሃይማኖት የሚያስተምር ሰው ሁሉ ከአካባቢው ሹም የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድድ ነበር።

ዳህላን በ1909 የተማሩ ጃቫውያን ወደ መሠረቱት ቡዲ ኡቶሞ ወደተባለ ማኅበር ገቡ። ብዙዎቹ አባላት ለእስልምና ትምህርት ቅርበት ያልነበራቸው የመንግሥት ሠራተኞችና የመኳንንት ወገኖች ስለነበሩ፣ አንድ የካውማን ኪያይ በመካከላቸው መገኘቱ ያልተለመደ ነበር። እሳቸው ግን ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ፣ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ፣ ማኅበር እንዴት እንደሚተዳደር ከእነርሱ ተማሩ፤ በምላሹ ሃይማኖትን አስተማሯቸው። በእነርሱ በኩልም በጄቲስ በሚገኘው የመንግሥት የመምህራን ማሠልጠኛ ከመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውጭ እስልምናን እንዲያስተምሩ ተፈቀደላቸው። የማሠልጠኛው ወጣቶች በዕረፍት ቀናቸው ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ካውማን ቤታቸው መመላለስ ጀመሩ።

በ1911 ዳህላን በመኖሪያ ቤታቸው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ መድረሳ ከፈቱ። ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ የነበሩት ሦስት ጠረጴዛዎች ከአግዳሚ ወንበሮች ጋርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነበሩ። ተማሪዎቹ ከአሥር አይበልጡም። የሃይማኖቱን ትምህርት ዳህላን ራሳቸው ሲሰጡ፣ ሌላውን የቀለም ትምህርት ከጊዜ በኋላ ከቡዲ ኡቶሞ የመጡ መምህራን ያግዟቸው ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጆቹ ይቀሩ ነበር፤ መምህሩ ራሳቸው በየቤታቸው እየሄዱ ወላጆችን እያግባቡ ይመልሷቸው ነበር። የሃይማኖትና የቀለም ትምህርትን አንድ ላይ ያስኬዱ ሌሎች ከእሳቸው በፊት ነበሩ፤ በባታቪያ የአረብ ተወላጆች ማኅበር፣ በፓዳንግም አብዱላህ አህመድ ቀደም ብለው ጀምረዋል። ዳህላን ግን ይህን ያደረጉት በጃቫ ባህል እምብርት፣ በሱልጣኑ መስጂድ ጥላ ሥር ነበርና ተቃውሞው የበረታ ሆነ።

ለዛሬ አንባቢ አግዳሚ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ የሚያስቆጣ ነገር አይመስለውም። በዚያ ዘመን በካውማን ግን ዕቃዎቹ የቅኝ ገዢው ትምህርት ቤት ምልክቶች ነበሩ። ቁርኣን ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እንጂ ወንበር ላይ ተሰቅሎ አይቀራም የሚሉ ጎረቤቶች ዳህላንን የከሃዲዎች ኪያይ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ልጆቻቸውን ወደዚያ ቤት እንዳይልኩ የመከሩም ነበሩ። በተከታዮቻቸው ዘንድ ሲተረክ የኖረ አንድ ታሪክ አለ፤ ከማገላንግ ከተማ የመጣ አንድ የሃይማኖት መምህር እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት የከሃዲዎችን ሥራ መከተል ነው ብሎ ሲወቅሳቸው፣ ዳህላን በምን እንደመጣ ጠየቁት። በባቡር መምጣቱን ሲነግራቸው፣ እንዲያ ከሆነ ሲመለስ በእግሩ ቢሄድ እንደሚሻል መለሱለት፤ ባቡሩም የሠሪው ከእነዚያው ሰዎች ነውና።

ከማሠልጠኛው ከሚመጡት ወጣቶች መካከል ያ ትንሽ ትምህርት ቤት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ መቆሙ ያሳሰባቸው ነበሩ። መምህሩ ሲያልፉ ትምህርት ቤቱም አብሮ እንደሚያልፍ፣ የብዙ ታላላቅ ሊቃውንት ማዕከላት ዕጣም ይኸው እንደነበረ ነገሯቸው። ምክሩ ገባቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1912 ሙሐመዲያ የተባለው ማኅበር ተመሠረተ፤ በታኅሣሡ ወርም የሕጋዊ ሰውነት ጥያቄ ለቅኝ ገዢው መንግሥት ቀረበ።

ምላሹ የመጣው በ1914 ኦገስት ወር ነው። ማኅበሩ በዮግያካርታ ግዛት ብቻ እንዲንቀሳቀስ ተፈቀደለት፤ ከዚያ ውጭ ቅርንጫፍ መክፈት አይችልም። ዳህላን ሕጉን ለመተላለፍ አልሞከሩም፤ በሕጉ ውስጥ የቀረውን ቀዳዳ ግን አዩ። በሌሎች ከተሞች ያሉ ደጋፊዎቻቸው በየራሳቸው ስም የተለየ ማኅበር እንዲያቋቁሙ መከሩ። በዚህም መሠረት በፔካሎንጋን፣ በጋሩት፣ በማካሳርና በሶሎ በልዩ ልዩ ስሞች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነበር። ፈቃዱ በ1920 ለመላው ጃቫ፣ በ1921 ደግሞ ለመላው የኔዘርላንድ ምሥራቅ ሕንድ ግዛት ሲሰፋ፣ እነዚህ ማኅበራት በአንድ ስም ሥር ለመሰባሰብ ዝግጁ ሆነው ተገኙ። የሰባት ዓመቱ ቆይታ ባክኖ አልቀረም ማለት ነው።

ዳህላን የጻፉት ጥቂት ነው። የሚታወቁት በአስተምህሯቸው ሲሆን ከሁሉም በላይ የሚነገረው የሱረቱል ማዑን ትምህርት ነው። ይህች አጭር ምዕራፍ የቲምን የሚገፋና ድሀን ለማብላት የማይገፋፋ ሰው ሃይማኖትን እንዳስተባበለ ታስተምራለች። ዳህላን ከሱብሒ በኋላ በሚሰጡት ትምህርት ይህችኑ ሱራ ለብዙ ቀናት ደጋገሟት። ደረሶቹ ሰለቻቸው፤ አንደኛው ለምን ወደሚቀጥለው እንደማይሻገሩ ጠየቀ። መምህሩ ሱራዋን ያውቋት እንደሆነ መልሰው ጠየቁ። ደረሶቹ በቃላቸው እንደያዟት፣ በሰላታቸውም እንደሚቀሯት ተናገሩ። የጠየቋቸው ግን ይሠሩባት እንደሆነ ነበር። ወዲያውም እያንዳንዳቸው ወደ ከተማው ወጥተው ድሀ ፈልገው ወደየቤታቸው እንዲወስዱ፣ በሳሙና እንዲያጥቡ፣ እንዲያለብሱና እንዲያበሉ አዘዟቸው። ትምህርቱ የቀጠለው ይህን አድርገው ሲመለሱ ነው።

የሴቶች ትምህርት በዚያ አካባቢ ከቂብላው ባላነሰ ሁኔታ አከራካሪ ነበር። ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ መማሯ ራሱ ይነቀፍ ነበር። ዳህላን ከሰፈራቸው ልጃገረዶች የተወሰኑትን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንዲገቡ አደረጉ፤ በቤታቸው ደግሞ ባለቤታቸው ሲቲ ዋሊዳህ ሴቶችን ሰብስበው ቁርኣን ያስቀሩ ጀመር። ከባቲክ ሥራ ቤቶች የሚመጡ ሠራተኛ ሴቶችም ከተማሪዎቹ መካከል ነበሩ። ይህ ስብስብ በ1917 ዓኢሺያ በሚል ስም ማኅበር ሆነ፤ ስያሜው ከነቢዩ ባለቤት ከዓኢሻ የተወሰደ ነው። ዓኢሺያ በ1919 የሕፃናት መዋያ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1922 ደግሞ በካውማን የሴቶች ብቻ የሆነ መስጊድ አሠራ። ሲቲ ዋሊዳህ መደበኛ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴት ነበሩ። ስለ ዳህላን የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እሳቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏቸዋል፤ ከባላቸው ዕረፍት በኋላ ግን ለ23 ዓመታት ሥራውን ያስቀጠሉት እሳቸው ናቸው።

ገንዘብ ሁልጊዜ እንደጎደለ ነበር። አንድ ጊዜ ለመምህራን ደመወዝ የሚከፈል ሲጠፋ ዳህላን የመንደሩን የእንጨት ደወል መትተው ሰው ሰበሰቡ፤ ከዚያም ልብሳቸውን፣ የቤት ዕቃቸውንና ወንበራቸውን በጨረታ አቀረቡ። የተሰበሰበው ሰው ተሻምቶ ከፈለ፤ ከሚያስፈልገውም በላይ ገንዘብ ተገኘ። ሕዝቡ ዕቃውን ሳይወስድ ሊሄድ ሲል ኪያዩ እንዲወስዱ ቢጠሯቸውም ገንዘቡን የሰጡት ለዕቃው ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ መሆኑን ነግረዋቸው ተመለሱ። የተረፈውን ገንዘብ ምን ያድርጉት ተብለው ሲጠየቁ ለማኅበሩ እንዲቀር ማድረጋቸው ይተረካል። ማኅበሩ ከቅኝ ገዢው መንግሥት የሚሰጠውን የትምህርት ድጎማም ይቀበል ነበር። በዚያው ከተማ በ1922 የተመሠረተው የታማን ሲስዋ የትምህርት ንቅናቄ ግን ድጎማውን አልቀበልም ብሏል። የትኛው ልክ እንደነበረ በአገሪቱ የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሙሐመዲያ በዚያ ገንዘብ መምህራን መቅጠሩ ግን የማይካድ ነው።

በ1918 ለመምህራንና ለሃይማኖት አስተማሪዎች ማፍሪያ የሚሆን ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬ ሙዓሊሚንና ሙዓሊማት በሚል የሚታወቁት የወንዶችና የሴቶች ትምህርት ቤቶች መነሻው ይህ ነው። በዚያው ዓመት ዳህላን በሶሎ የስካውት ወጣቶች ሲለማመዱ አይተው ስለነበር ለሙሐመዲያ ልጆች ተመሳሳይ ቡድን እንዲቋቋም አደረጉ፤ ሒዝቡል ወጠን የተባለው ይኸው ነው። በ1920 በተደረገ ስብሰባ የየክፍሉ ኃላፊዎች ዕቅዳቸውን ሲያቀርቡ፣ ኪያይ ሱጃዕ ሆስፒታል፣ የድሆች መጠለያና የየቲሞች ቤት እንሠራለን ሲሉ ተሰብሳቢው ሳቀ። ወንበርና ጠረጴዛ ለመግዛት ጨረታ የሚያወጣ ማኅበር ሆስፒታል ይሠራል የሚለው ቅዠት መስሎ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት በጉዞ ያለፉ ናቸው። ዳህላን ታመሙ፤ ሐኪሞች እንዲያርፉ መከሯቸው። በምሥራቅ ጃቫ ወደምትገኘው ትሬቴስ ወደተባለች ደጋማ ሥፍራ ለዕረፍት ሄዱ፤ በዚያም ሕዝብ ሰብስበው ማስተማር ቀጠሉ። ሲቲ ዋሊዳህ እንዲያርፉ ለመኗቸው፤ እሳቸው ግን የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑንና አሁን ያልጣሉትን መሠረት የሚከተሏቸው ሊጥሉት እንደሚቸገሩ በማመልከት እንቢ አሉ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1923 ያ የተሳቀበት ዕቅድ በዮግያካርታ ክሊኒክ ሆኖ ተከፈተ። ኪያይ ሐጂ አህመድ ዳህላን ከስምንት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን፣ በ54 ዓመታቸው አረፉ፤ በከተማዋ በካራንግካጄን መካነ መቃብር ተቀበሩ።

የማኅበሩን መሪነት የባለቤታቸው ወንድም ኪያይ ኢብራሂም ተረከቡ። በ1925 ሙሐመዲያ 119 መምህራንና 4,000 ያህል ተማሪዎች ያሏቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩት፤ በዚያው ዓመትም ንቅናቄው ወደ ሱማትራ ሚነንካባው ተሻገረ። የኢንዶኔዥያ መንግሥት አህመድ ዳህላንን በ1961፣ ሲቲ ዋሊዳህን ደግሞ በ1971 የአገሪቱ ብሔራዊ ጀግኖች ብሎ ሰይሟቸዋል። ወደ ትክክለኛው ቂብላ ዞሮ ዳግመኛ የተሠራው ትንሹ መስጊድ ዛሬም በካውማን ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይገኛል።